በሰሜን ስዊድን የብርድ ወራት ረከቦትና ገበጣ እንዴት እንደሠራሁ

ሉሌኦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 65 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ታኅሣሥ ሲጋመስ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ብቅ ትልና 7 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ልጆች ቤት ሲደርሱ ውጭው እንደ እኩለ ሌሊት ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ጨለማ ነው፤ እንጨት ለሚሠራ ሰው ግን ጨለማው ሁለት መብራት ገዝቶ የሚገላገለው ነገር ነው። ሥራ የሚያበላሸው ድርቀቱ ነው። ለገና የሚደርስ ረከቦትና ለልጆች ገበጣ ስሠራ ጣውላው መቼ ይቆረጥ፣ የት ይጣበቅ፣ ምን ያህል ክፍተት ይተውለት የሚለውን ሁሉ የወሰንኩት የአየሩን ድርቀት አይቼ ነው።

ውጭ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢሞላ ቢሞላ የሚይዘው የውሃ ተን 1 ግራም ገደማ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ 18 ግራም የመያዝ አቅም ያገኛል፤ በውስጡ ያለው ግን ያው 1 ግራም ነው። ምግብ ማብሰሉ፣ ገላ መታጠቡ፣ የታጠበ ልብሱና የቤተሰቡ ትንፋሽ ተጨምሮበት እንኳ ብርዱ በጠናበት ሰሞን የሳሎን እርጥበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ቢደርስ ነው። እንጨት በዚህ አየር ውስጥ ሲቆይ የራሱ እርጥበት ወደ 5 ወይም 6 በመቶ ይወርዳል። ደጅ ባለ መጋዘን የከረመ ጣውላ ግን ከ16 እስከ 18 በመቶ ይዞ ይመጣል። እኔ የሠራሁበት በርች የተባለው የዛፍ እንጨት እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር በስፋቱ 0.3 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ስለዚህ 160 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከ16 ወደ 7 በመቶ ሲደርቅ ከስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጣል። በርዝመቱ የሚታየው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ከመጋዘን አምጥቶ በዚያው ሳምንት የሚያጣብቅ ሰው የገና በዓል ሳይደርስ ሲሰነጠቅ ያየዋል።

ጣውላውን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ገዛሁ። ከሚፈለገው ርዝመት 40 ሚሊ ሜትር አስረዝሜ ቆረጥኩት፤ እንጨት ውሃውን ፈጥኖ የሚጥለው በጫፉ በኩል ስለሆነ ጫፉ ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ ትርፉ ኋላ ተቆርጦ የሚጣል ነው። ሁለቱንም ጫፍ በቀለጠ ሻማ ቀባሁ። ከዚያ በየጣውላው መካከል 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው እንጨቶች እየገባ መኝታ ቤት ጥግ ተደረደረ። ማሞቂያ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሲቀር ይጣመማል።

ድርቀቱን ለማወቅ ውድ መለኪያ አያስፈልግም፣ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ለገበጣ የተመደበው በርች 2 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ መዝኖ ጀመረ፤ እስኪደርቅ 180 ግራም ያህል ውሃ ይጥላል። በየቅዳሜው እየመዘኑ ጣውላው ላይ በእርሳስ መጻፍ የልጆች ሥራ ነው። የ9 ዓመት ልጅ የመቀነስ ሒሳብን ከዚህ በተሻለ የሚለማመድበት ነገር አላውቅም። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ለ30 ሚሊ ሜትር ጣውላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቅ ነው፤ የገበጣው ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ይዘገያል።

የሥራ ቦታዬ የመኖሪያ ሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ያለ ክፍል ነው። ሙቀቱ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው፣ ሹራብ ለብሶ ለመጋዝና ለመላጊያ ይመቻል። ለኮላ ግን አይመችም። ነጩ የእንጨት ኮላ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች አይይዝም፤ የሚቆጠረውም የክፍሉ አየር ሳይሆን የእንጨቱ የራሱ ሙቀት ነው። ከውጭ የገባ ጣውላ ክፍሉ ቢሞቅም ለሰዓታት ብርድ ይዞ ይቆያል። መገጣጠሚያው ላይ የደረቀው ኮላ ጠመኔ መስሎ ከነጣ ብርድ አግኝቶታል ማለት ነው፤ ዛሬ ቢይዝ ነገ ይላቀቃል። ስለዚህ መቁረጥና መላግ ምድር ቤት፣ ማጣበቅ ወጥ ቤት ሆነ፤ ጠረጴዛው ላይ ፕላስቲክ ይነጠፋል፣ ከእራት በኋላ ተጣብቆ እስከ ጠዋት ታስሮ ያድራል። ወጥ ቤቱም የራሱ ጣጣ አለው፦ በደረቅ አየር ኮላው ቶሎ ቆዳ ያወጣል። ሞርሳው ተከፍቶ ካልጠበቀ፣ ጣውላው በደረቁ አንዴ ተገጥሞ ካልተሞከረ በስተቀር ጠርሙሱን መክፈት አያዋጣም።

መኪና ውስጥ ወይም ደጅ የከረመ መላጊያና መሮ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል፣ በማግስቱ ዝገት ነው። በፌስታል ጠቅልሎ አስገብቶ ሳይፈቱ ማሞቅ ይበቃል፤ ጤዛው ከፌስታሉ ውጭ ይቀራል። የመሰርሰሪያ ባትሪም ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ የሊቲየም ባትሪ በዚህ ይሞታል።

መብራቱ ቀላል ነው። ኮርኒስ ላይ ያለ አንድ አምፑል ከጀርባ ስለሚመጣ የራስን ጥላ ሥራው ላይ ይጥላል። ከባንኮው ግራና ቀኝ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው 4000 ሉመን ብርሃን የሚሰጡ፣ የብርሃናቸው ቀለም 4000 ኬልቪን የሆነ የኤልኢዲ መብራቶች ሰቀልኩ። ለመጨረሻው ማለስለሻ ደግሞ እነሱን አጥፍቶ አንድ የእጅ ባትሪ በጎን አስተኝቶ ማብራት ነው፤ ጭረቱ ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል፣ ዓይናቸውም ከእኛ ይሻላል።

የገበጣው ጣውላ ተልጎ ሲያልቅ 500 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 155 ስፋትና 40 ውፍረት አለው። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ ይወጣለታል። በርዝመቱ የጉድጓዶቹ መሃል ከአንድ ጫፍ 75፣ 145፣ 215፣ 285፣ 355 እና 425 ላይ ነው። ሁለቱ ረድፎች በስፋቱ መሃል ካለፈው መስመር 35 ሚሊ ሜትር ግራና ቀኝ ይርቃሉ። የጉድጓዱ ስፋት 54 ቢሆን በየመካከላቸው 16 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ይተርፋል፤ ከዚያ ካነሰ ሲቦረቦር ይሸረፋል። በትልቁ ክብ መሰርሰሪያ 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ይቆፈራል፣ የቀረው 4 ሚሊ ሜትር በጎባጣ መሮ ይወጣል። እስከ 18 በመሰርሰሪያ የሚወርድ ሰው የመሃል ሹሉ የሚተወውን ቀዳዳ ማጥፋት አይችልም። ፍጥነቱ በደቂቃ 500 ዙር አካባቢ ይሁን፤ በርች በፈጣን መሰርሰሪያ ቶሎ ይጠቁራል፣ ያንን ጥቁረት ለማውጣት ብርጭቆ ወረቀት ብቻ አይበቃም። በመሮ ሲቦረቦር ሁልጊዜ ከከንፈሩ ወደ መሃል ነው፣ ከሁለቱም ወገን። ከመሃል ወደ ላይ የሚገፋ መሮ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ከንፈሩን ይገነጥላል።

ለማለስለሻ ያረጀ የጎማ ኳስ ለሁለት ቆርጬ ብርጭቆ ወረቀት ለበጥኩበት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ልክ ይገባል። ቁጥር 80፣ ቀጥሎ 120፣ ቀጥሎ 180። በዚህ የ5 ዓመት ልጅም ይሠራል። 48ቱ ጠጠሮች በረዶ ሳይወርድ መለቀም አለባቸው፤ ካለፈ ሽምብራ ወይም ቁልፍ ነው፣ ጠጠር እስከ ሚያዝያ አይገኝም።

በስዊድን የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት የግዴታ ትምህርት ነው፣ ስለዚህ ከፍ ያሉት ልጆች መላጊያና መጋዝ አያያዙን ከወላጅ ቀድመው ያውቃሉ። ይህ ጥሩ ነው፤ ልጁ አስተማሪ ሲሆን ሥራው ይረዝማል እንጂ ጠብ አይነሳም። ቤት ውስጥ ያጸናሁት የቢላ ደንብ ሦስት ነገር ነው፦ ተቀምጦ መሥራት፣ ስለቱን ከገላ ወደ ውጭ መግፋት፣ ክንድ ተዘርግቶ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው አለመኖሩን ማየት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ ለልጅ አይሰጥም። በአንድ ጊዜ 40 ደቂቃ ይበቃል፣ ከእራት በፊት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጎረቤት መሰርሰሪያ መስማት የለበትም፤ ያ ሰዓት የዘይትና የብርጭቆ ወረቀት ነው።

ሰጋቱራው መጥረጊያ የሚያነሳው ነው። የሚያስቸግረው የማለስለሻው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ የእንጨት ብናኝ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው፣ በዚህ ወቅት ደግሞ መስኮት አይከፈትም። የማለስለሻው ማሽን ከቫኪዩም ጋር ይያያዛል፣ ሁሉም አፍንጫውን ይሸፍናል፣ የሥራው ሽርጥ ምድር ቤት ይቀራል።

ረከቦቱ ከገበጣው ይልቅ ስሌት ይፈልጋል። ገጹ 600 በ350፣ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 5 ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው ነው የወጣው። አራት መጋጠሚያ ቢኖርም የሚጠጣው ኮላ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ የበዛው ወጥቶ ይፈስሳል። ሞርሳዎቹ አንዱ ከላይ፣ ቀጣዩ ከታች እየተፈራረቁ ካልታሰሩ ገጹ ይጎብጣል። እግሮቹ 40 በ40 ሆነው 180 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ፣ የሚያያይዟቸው አግዳሚዎች 60 ቁመትና 20 ውፍረት አላቸው። መጋጠሚያው በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት፣ በድምሩ 16 ባለ 8 ሚሊ ሜትር የእንጨት ሚስማር ነው። እግሩ ቀጭን ስለሆነ ከሁለት አቅጣጫ የሚገቡት ሚስማሮች ውስጥ ለውስጥ ይጋጫሉ። ስለዚህ በአንዱ ጎን ከላይ 12 እና 40 ላይ፣ በሌላው ጎን 22 እና 50 ላይ ይበሳል።

ገጹ እግሩ ላይ በኮላ አይጣበቅም። ዋናው ነገር ይህ ነው። በብርዱ ወራት 6 በመቶ እርጥበት የነበረው እንጨት በስዊድን በጋ፣ ሐምሌ አካባቢ፣ ወደ 10 ይጠጋል፣ 350 ሚሊ ሜትር የነበረው ስፋትም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። የታሰረ ገጽ ወይ ይጎብጣል ወይ እግሩን ይገነጥላል። በሁለቱ አጫጭር አግዳሚዎች ውስጠኛ ጎን 25 በ25 የሆነ ሞራሌ አሰርኩ፣ በየአንዳንዱም ከታች ወደ ላይ ሦስት ባለ 4 በ40 ብሎን ይገባል። የመሃሉ ብሎን በጠባብ ቀዳዳ ይጠብቃል። የዳርና የዳሩ ግን 5 ስፋትና 12 ርዝመት ባለው ሞላላ ቀዳዳ ከነሮንዴላቸው ይገባሉ፤ ሦስት ቀዳዳ አጠገብ ለአጠገብ በስቶ መካከሉን በመሮ መጥረግ ነው። ብሎኑ ሮንዴላውን እስኪነካ እንጂ እስኪጨንቅ አይጠብቅም። ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ምንም ብሎን የላቸውም።

የስኒ ማስቀመጫ መሳቢያ የሚጨምር ሰው ያስታውስ፦ አሁን እንጨቱ በጣም የደረቀበት ጊዜ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚያውቀው ማበጥ ብቻ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ቁመት ላለው የመሳቢያ ፊት 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍተት ይተውለት። አሁን ልክ የገባ መሳቢያ ሐምሌ ላይ አይከፈትም። ለዕጣን ማጨሻው ገጹ ላይ የሚቀበር 100 በ100 ሴራሚክ ግን በተቃራኒው ነው፦ እንጨቱ ሲያብጥ ጉድጓዱም አብሮ ይሰፋል፣ ስለዚህ በብርዱ የተቆፈረ ጉድጓድ ሴራሚኩን አያጨናንቅም። በበጋ ልክ የተቆፈረ ግን በብርዱ ጠቦ ይሰነጠቃል። በየትኛውም ወቅት በሲሊኮን እንጂ በሚደድር ማጣበቂያ አይያዝ።

ለገበጣው የተልባ ዘይት ይበቃል፤ በስሱ ተቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ይጠረጋል። የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ራሱን ያሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅም ማንም ሳይነካው ይነዳል። ወዲያው ውሃ ውስጥ ነክሮ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዘግቶ ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ለረከቦቱ ቡናና ሙቅ ውሃ ስለሚፈስበት ሰም ያለው ጠንካራ የእንጨት ዘይት ሁለት ጊዜ ቀባሁ፣ በመካከሉ 24 ሰዓት። ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ለመጠንከር ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፣ በቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ቀድሞ ሙቅ ስኒ የተቀመጠበት ነጭ ቀለበት ይይዛል።

ቀኑ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ከዚህ ተነስቶ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ከሆነ የመጨረሻው ቅብ ከታኅሣሥ 12 ማለፍ የለበትም። ማጣበቁ በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጣውላው ቤት መግባቱ ጥቅምት 25 ገደማ ነው። የስዊድኖች ገና ቀድሞ ስለሚመጣ ልጆች ከዚያ ጀምሮ ቤት ናቸው፤ ገበጣውን ለዚያ ዕረፍት ማቆየት ያዋጣል።

ረከቦቱ ሲመረቅ ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆላ፣ ይፈላ። እነዚህ ቤቶች ብርድ እንዳያስገቡ ተደርገው የተደፈኑ ናቸው፣ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። ለዕጣኑም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ አለ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ቡናው ሲቆላ ይጮኻል፤ ባትሪውን ከማውጣት ይልቅ የምድጃውን ጭስ መሳቢያ ቀድሞ ማስነሳትና የወጥ ቤቱን በር መዝጋት ይሻላል።