«ብሔር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የማወያየው የቴሌግራም ቡድን ስለ አገር ጉዳይ ይነጋገራል። ብዙው ጠብ የሚጀምረው «ብሔር» ከሚለው ቃል ነው። አንዱ «ብሔርተኛ ነኝ» ሲል ኢትዮጵያን ማለቱ ነው። ሌላው አማራነትን ወይም ኦሮሞነትን ያለ መስሎት ይመልስለታል። ከዚያ መልእክቱ ይዘንባል።

ሁለቱም ከሜዳ ተነስተው አይደለም። ብሔር በግዕዝ አገር ነው፣ ምድር ነው። ብሔራዊ ባንክ፣ ብሔራዊ ቲያትር፣ ብሔራዊ ቡድን ስንል ዛሬም አገርን ነው የምናስበው። በ1960ዎቹ ግን የተማሪዎች ንቅናቄ «የብሔር ጥያቄ» ሲል ቃሉ ሌላ ትርጉም ያዘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 39 ብሔርን፣ ብሔረሰብንና ሕዝብን በአንድ ፍቺ ጠቀለላቸው። «ብሔርና ብሔረሰብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ለሚል ሰው ሕጉ መልስ የለውም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው።

አንድ አባል «አንቀጽ 39ን ፒን አድርገን እንገላገል» አለ። አልተስማማሁም። ፍቺውን ራሱን የሚቃወሙ ሰዎች አሉ። እነሱን መጀመሪያ ይህን ተቀበሉ ማለት ሳትከራከሩ ተረቱ ማለት ነው።

የሠራልኝ ሌላ መንገድ ነው። ጠቡ ሲጋጋል ሁለቱም ወገኖች ቃሉን ሳይጠቀሙ ሐሳባቸውን እንደገና እንዲጽፉ እለምናለሁ። «የብሔር ፖለቲካ ይቅር» ያለው ወጣት «ፓርቲ በዘር መደራጀቱ ይከልከል» ብሎ ጻፈ። የተቆጣችው እህት ደግሞ «ልጆቼ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማራቸው አይነካ» አለች። «እሱንማ መች ተቃወምኩ!» አላት። የቀረው የፓርቲው ጉዳይ ነበር። በዚያ አልተስማሙም፤ ግን አመሻሹን የተከራከሩት በእውነተኛው ልዩነታቸው ላይ ነው።

አጠያየቁ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ምን ማለትህ ነው?» በእኛ ዘንድ የጠብ መክፈቻ ነው። በተለይ ለታላላቆች አይሆንም። «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ምሳሌ ይጨምሩልን» ስላቸው ግን ደስ ብሏቸው ያብራራሉ። አንዳንዴ ያኔ ነው ሐሳባቸው ለእኔም የሚገባኝ።

ይህ ዘዴ «ነፍጠኛ» ላይ አይሠራም። ለአንዱ የታሪክ ስም ነው፣ ለሌላው ስድብ። ስለዚህ የምጠይቀው ቃሉ ለማን እንደተወረወረ ነው። ጸሐፊው ስለ ምኒልክ ዘመን የደቡብ መሬት ሥርዓት እያወራ ከሆነ ይቆያል። አጠገቡ ያለውን አባል እየጠራበት ከሆነ መልእክቱን አነሳለሁ፤ ምክንያቱንም በውስጥ መስመር እነግረዋለሁ።