ፖላሪቲ፦ ከውሃ ሞለኪውል እስከ ካፓሲተር

ውሃ ጨውን የሚያሟሟው፣ ከዘይት ጋር ግን የማይዋሃደው በፖላሪቲው፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሆኑ ተቃራኒ ወገኖች ስላሉት ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖችን ይበልጥ ወደ ራሱ ስለሚስብ በከፊል ኔጌቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ በከፊል ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ቅርጹን ነው። የውሃ ሞለኪውል በ104.5 ዲግሪ አንግል የታጠፈ ስለሆነ ሁለት የተለያዩ ወገኖች አሉት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ቀጥ ያለ በመሆኑ የግራና የቀኙ ስበት እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ኤሌክትሮኒክስ ላይ ደግሞ ፖላሪቲን፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭን፣ ማሳሳት ዕቃ ያቃጥላል። በአሉሚኒየም ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ) ጎን ላይ ያለው የመቀነስ ምልክት የኔጌቲቩን እግር ያሳያል፤ አዲስ ከሆነ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ተገልብጦ ከተበየደ ውስጡ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይበላሻል፣ ከፍተኛ ከረንት ያልፋል፣ ፈሳሹ ግሎ ጋዝ ይፈጥራል፣ አናቱም ይቀደዳል። ሲፈነዳ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ፊታችሁን አታስጠጉ። የኃይል ምንጩንም አስቀድማችሁ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ለኩት፤ የመለኪያው ቀይ ሽቦ ፖዘቲቭ ባላችሁት ላይ ሆኖ ንባቡ የመቀነስ ምልክት ካሳየ ተገልብጧል።

ማግኔት ደግሞ ለሁለት ቢሰበርም እያንዳንዱ ስባሪ ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ይኖረዋል። የኮምፓስ ሰሜን ጫፍ ወደ ሰሜን የሚዞረው፣ በዚያ በኩል ያለው የምድር መግነጢሳዊ ዋልታ በባህሪው ደቡብ ስለሆነ ነው።