ሠላሳ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ዲያቆን

በሰፈራችን አዲስ በተከልነው ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን የንግሥ በዓል ባከበርን ማግስት ዕቃ ቤት ገብቼ ቆጠራ አደረግኩ። ሠላሳ አንድ ጃንጥላ፣ ዐሥራ አራት ምንጣፍ፣ ዘጠኝ መጋረጃ። ለመሥዋዕት የሚሆን የስንዴ ዱቄት ግን ከአንድ ጣሳ አይበልጥም፤ ዘቢቡም አልቋል። ጃንጥላው ሁሉ ስለት ነው። ከሕመሙ የዳነ ጃንጥላ ይዞ ይመጣል፣ በሰላም የተገላገለች መጋረጃ ታመጣለች። ዱቄት የተሳለ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም።

መተዳደሪያዬ የግንባታ ፎርማንነት ነው። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ከአባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ሲሆን፣ ሰፈሩ ሲቆረቆር አብዛኞቻችን ለማስቀደስ አባይን ተሻግረን ሐይቁ ዳር ወዳለው ጊዮርጊስ እንሄድ ነበር። በግንቦት 2016 የተከፈተው አዲሱ ድልድይ ያኔ አልነበረም። ለኪዳን ጸሎት ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት የሚነሡ እናቶች በአሮጌው ድልድይ ላይ በጨለማ ሲሄዱ አንዷ ወድቀው ወገባቸውን ተሰበሩ። ከዚያ በኋላ ነው «ለምን የራሳችን አጥቢያ አይኖረንም?» የሚለው ወሬ ከዝክር ቤት ወጥቶ ወረቀት ላይ የሰፈረው።

ፊርማ አሰባስበን ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከት አመለከትን። የማመልከቻውን ረቂቅ እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ባነበብኩት ቁጥር እስቅበታለሁ። ስለ ሕንፃው ሦስት ገጽ ጽፈናል፤ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የድንጋዩ ዓይነት፣ የቆርቆሮው ቁጥር አልቀረም። «ካህናቱን በምን ታስተዳድራላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጠነው መልስ ግን አንድ መስመር ነው፦ «ምእመናን በፈቃዳቸው ያሟላሉ።» የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቦታ ከከተማ አስተዳደሩ እስኪሰጠን የተመላለስንበትን አልተርክም፤ ባሕር ዳር ላይ ቦታ የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። በማን ስም ይተከል በሚለው ላይ ግን ሦስት ሳምንት ተከራክረናል። ግማሹ ኪዳነ ምሕረት አለ፣ ግማሹ ሚካኤል። በመጨረሻ ካህናቱ ሱባኤ አስይዘውን ዕጣ ተጣለ፤ ለኪዳነ ምሕረት ወጣ፣ ሚካኤል በደባልነት፣ ማለትም በተጨማሪ ታቦትነት፣ ይግባ ተባለ። ዓመታዊው ንግሥ የካቲት 16 ሆነ ማለት ነው። የሚካኤል ወገን የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ኅዳር 12ን የምደግሰው እኔው ነኝ» ብለው ተነሡ፤ እስከ ዛሬም ቃላቸውን አላጠፉም።

መቃኞውን፣ ዋናው ሕንፃ እስኪሠራ የምንገለገልበትን ጊዜያዊ ቤት፣ በአራት ወር አቆምኩት። የባሕር ዛፍ ግድግዳ፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን፤ መቅደሱ፣ ቅድስቱ፣ ቅኔ ማኅሌቱ በልኩ ተከፍሏል። ደወል ስላልነበረን የአሮጌ መኪና ቸርኬ ከዛፍ ላይ ሰቀልን። ዘጌ ያሉ ገዳማት በድንጋይ ደወል ይጠራሉና እኛ በቸርኬ ብንጠራ ምን ነውር አለው ብዬ ተጽናናሁ። ሊቀ ጳጳሱ መጥተው ታቦቱ ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት የተመደቡልን አስተዳዳሪ ግቢውን ዞረው አዩት። ዝም ብለው ከዞሩ በኋላ በስተ ምሥራቅ ቆመው፦

«ልጄ፣ ኅብስቱ የት ይጋገራል?» አሉኝ።

ቤተ ልሔሙን ረስቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሕንፃ ያስገነባሁ ሰው፣ ለጥበቃው ማደሪያ፣ ለሲሚንቶው መጋዘን፣ ለኮሚቴው ቢሮ ሠርቼ፣ መሥዋዕቱ የሚዘጋጅበትን ቤት ፕላኑ ላይ አላስገባሁትም። ማታውኑ መሠረት አስቆፈርኩ። ምልክቱ ግን በዚያን ጊዜ አልገባኝም።

የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ፍልሰታ ነው። ለአንድ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፦ ሁለት ካህናት፣ ሦስት ዲያቆናት። በፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለቱን ሱባኤ በየቀኑ ይቀደሳል። እኛ ያለን በትክክል አምስት ነው፤ አንድም ትርፍ የለም። ከዲያቆናቱ አንዱ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ነሐሴ 3 ማታ አባቱ ከገጠር ደውለው ለአረም ጠሩት። ጠዋት ወደ ሌላ አጥቢያ ሰው ላክን። የተገኘው ዲያቆን በዚያው ዕለት ሊቀድስ ተራው ነበር፤ አንድ ሰው ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ አይቀድስም።

ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው ይባላል። ግቢው ነጭ በለበሱ ልጆች ተሞልቷል፤ ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ እስከ ቀትር የቆዩ ናቸው። አስተዳዳሪው ወጥተው የዕለቱ ቅዳሴ እንደታጎለ ተናገሩ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ የአያቷን ነጠላ ጎትታ «እማዬ፣ ቁርባኑ አለቀ እንዴ?» ስትል ሰማሁ። አያቷ እኔን አዩኝ እንጂ ለልጅቷ አልመለሱላትም። ያን ጊዜ ለዋናው ሕንፃ የዐሥራ ሁለት ምሰሶ ፌሮ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ነበር።

የነፍስ አባቴ በኋላ ያስረዱኝን ልጥቀስ። ድሮ ካህኑ ይኖር የነበረው በቤተ ክርስቲያኗ መሬት ነው፤ ሪም ነበር፣ ጉልት ነበር። በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ ለመንግሥት ሲዞር ያ ሁሉ ቀረ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት የሚደነግገው ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ስለነበር ሸክሙ ወደ ምእመናን ወርሃዊ መዋጮ ተሻገረ። አያቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲተክሉ ከድንጋዩ በፊት የሚያስቡት «አገልጋዩ በምን ይኖራል?» ብለው ነበር፤ ጣና ውስጥ ያሉት ደሴቶች ላይ ገዳም የጸናው መነኩሴ ስላልተቋረጠ እንጂ ግድግዳው ስለጠነከረ አይደለም።

የሕንፃው ሥራ ይቆይና ዲያቆናትና ካህናት የሚወጡበት የአብነት ትምህርት ቤት እንክፈት ብዬ ሐሳብ ሳቀርብ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ምሰሶ ላይ ስሙ እንዲጻፍለት ገንዘብ የሰጠ ሰው አለ፤ ለተማሪ ጎጆ የሰጠ ስሙን የት ይጽፍለታል? ሦስት አባላት ለቀቁ፤ አንደኛው እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም። ዋሸራ በሚባለው የቅኔ ቤት የተማሩ አንድ የኔታ፣ የአብነት መምህር፣ አግኝተን ስምንት ጎጆ ሠራን። የሰፈሩ እናቶች ለሰባት ቀን ሰባት ቡድን ሆነው የተማሪዎቹን ምግብ ተከፋፈሉ። እኔም ልጆቹ ከልመና ዳኑ ብዬ ደስ አለኝ። የኔታ ግን አልተስማሙም፦ «በሳምንት ሁለት ቀን ኮፋዳቸውን ይዘው ይውጡ። ደጅ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ያላለ ተማሪ ኋላ ካህን ሲሆን የሰው ደጅ አያውቅም።» ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። ረቡዕና ዓርብ ይወጣሉ።

ሁለት ስሕተቴን ሳልናገር ባልፍ ደግ አይሆንም። መጀመሪያ ላይ የመዋጮው ገንዘብ በግል የባንክ ሒሳቤ ይገባ ነበር፤ ደብዳቤ ከሀገረ ስብከት እስኪመጣ ለሁለት ወር ብቻ ብለን። ሳንቲም አልነካሁም። ነገር ግን በዚያ ሰሞን የራሴን ቤት አጥር አሳጠርኩ፤ ወሬው ከአጥሩ ቀድሞ ተሠርቶ አለቀ። ምላሽ መስጠት አልቻልኩም፤ ማንም ሰው ፊት ለፊት አልጠየቀኝማ። አሁን ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስት ሰው ይይዘዋል፣ ሦስቱም ካልተገኙ አይከፈትም፤ አንዱ ለቅሶ ከሄደ እስኪመለስ ይጠበቃል።

ሁለተኛው የምላሴ ነው። የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር አስተዳዳሪው ናቸው፤ እኔ ምእመን ስለሆንኩ ምክትል ነኝ። ይህን ወረቀት ላይ አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን የሳይት አፍ ነው። አንድ ቄስ ለኪዳን ሲዘገዩ ሕዝብ ፊት ሰዓቴን እያሳየሁ ተናገርኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ክርስትና የምትነሣ ልጅ ታማ እርሷ ጋ እንደነበሩ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ይቅር አሉኝ፤ በዚያው ግን ለሁለት ዓመት ያህል ሰዓት አላሰርኩም።

ሕንፃው አላለቀም። ዐሥራ ሁለቱ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ የጫፋቸው ፌሮ ዝጓል፣ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ያየ ሁሉ «የተጀመረ ሁሉ እንዲህ ይቀራል» እያለ ያልፋል። ለንግሥ ከሩቅ የመጡ ሰዎችም መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁኛል። በጨረታ ከምንሸጣቸው ስለቶች የሚገኘው ገንዘብ አንድ ቀን ያደርሰው ይሆናል፤ ችግሩ የገዛው ሰው መልሶ ለቤተ ክርስቲያኗ መስጠቱ ነው። አንዱን ቀይ ጃንጥላ ሦስት ጊዜ ሸጠነዋል።

ዘንድሮ በፍልሰታ ዲያቆናቱ ዐሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ሱባኤው ከመግባቱ በፊት የተራ ዝርዝር ጽፌ ቤተ ልሔሙ በር ላይ ለጠፍኩ፤ ስሙ ሁለት ጊዜ ብቻ የወጣለት አንድ ልጅ አኩርፎ ጎጆው ገባ። የኔታና እኔ ገብተን ለመንነው፤ ከነሐሴ 9 ተራ ላይ ከሌላው ቀንሰን ጨመርንለት። ጃንጥላው አርባ ሰባት ሆኗል።