ፊላደልፊያን በግድግዳዋ

ከዋሽንግተን ዲሲ ፊላደልፊያ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱ ብዙም የሚወራለት አይደለም፣ እንለፈው። የአክስቴ ልጅ እዚያ ታክሲ ይነዳል። ገና ሻንጣዬን ከእጄ ሲቀበለኝ “መጀመሪያ ምን ትበላለህ?” አለኝ። “መጀመሪያ ግድግዳ አሳየኝ” ስለው ሳቀብኝ። እሱ ቀኑን ሙሉ ሲያልፍባቸው ይውላል፤ ብርቅ አይደሉበትም።

ፊላደልፊያ ውስጥ ከ4,000 በላይ የአደባባይ ሥዕሎችና ሥራዎች ተሠርተዋል። አብዛኞቹ ቱሪስት በሚርመሰመስበት መሀል ከተማ አይደለም ያሉት። በተራ ሰፈር፣ በልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን፣ አጠገቡ ያለው ቤት ፈርሶበት ብቻውን በቀረ ግድግዳ ላይ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ለቅጣት ያህል ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ዊልሰን ጉድ የከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆነው ሥልጣን ሲይዙ ከተማው በስፕሬይ ቀለም ጽሑፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ከንቲባው ፀረ ግራፊቲ ዘመቻ ከፈቱ። ለዚህ ሥራ ከተቀጠሩት አንዷ ጄን ጎልደን የምትባል ሠዓሊ ነበረች። እሷ ግን ግድግዳ ላይ ሲጽፉ የነበሩትን ልጆች ግድግዳ ከማስጠረግ አልፋ ሥዕል ማሠራት ጀመረች። ሥራው በ1996 ራሱን ችሎ “ሙራል አርትስ” የሚባል የከተማዋ ፕሮግራም ሆነ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ በእኚሁ ከንቲባ ዘመን፣ በ1985፣ ፖሊስ “ሙቭ” የሚባል የጥቁሮች የትግል ቡድን አባላት የነበሩበትን ቤት ከሄሊኮፕተር በቦምብ መታው። 11 ሰዎች ሞቱ፣ 61 ቤቶች ነደዱ። ይሄም የሆነው እዚሁ ከተማ ምዕራብ ክፍል፣ ዌስት ፊላደልፊያ ነው። ብሩሽ ያደለውም ቦምብ የጣለውም ያው አንድ የከተማ አስተዳደር ነው።

በጣም የወደድኩት ከባቡር የሚታየውን ነው። ሰዉ “ኤል” የሚለው ባቡር ከመሀል ከተማ ምድር ለምድር ይመጣና 46ኛ መንገድ አካባቢ ብቅ ብሎ ከጣሪያ እኩል ይሄዳል። ከዚያ እስከ 63ኛ መንገድ ድረስ በማርኬት ስትሪት ግራና ቀኝ 50 የፍቅር መልእክቶች ተጽፈዋል። የሠራው ስቲቭ ፓወርስ ነው፣ በ2009። የዚያው የዌስት ፊላደልፊያ ልጅ ነው፤ ድሮ ሳይፈቀድለት ግድግዳ ላይ ይጽፍ የነበረ። ካደገ በኋላ በፈቃድና በክፍያ ተመልሶ መጣ። አንዱ “52ኛ መንገድ ላይ አግኚኝ፣ ለ50 ሰከንድም ቢሆን” ይላል። ሌላው “አንቺ እዚህ ብትኖሪ፣ ይሄኔ ቤቴ ነበርኩ” ይላል። አጠገቤ የተቀመጠች የሆስፒታል ልብስ የለበሰች ሴት ቀና ብላም አላየችው፤ ተኝታለች። ከሥራ የሚመለስ ሰው የሚሄድበት ባቡር ነው። ለነገሩ የእኛ አገር ግድግዳ የሚነግረን “መሽናት ክልክል ነው” የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ።

ብሮድና ስፕሪንግ ጋርደን መንገዶች የሚገናኙበት ላይ ደግሞ ስምንት ፎቅ የሚያክል ሥዕል አለ። ሜግ ሳሊግማን በ1998 የሠራችው ነው። ጸጉሯን የተሠራች አንዲት ወጣት ከላይ ሆና ከተማውን ታያለች፤ ዙሪያዋን የሰፈሩ ተማሪዎችና የሸክላ አሻንጉሊቶች አሉ። ከዚያ ወደ ሪጅ አቬኑ ወረድ ስንል የቅርጫት ኳሱን ጁሊየስ ኧርቪንግን አገኘነው። ኬንት ትዊቸል በ1990 የሣለው ነው። ማሊያ አልለበሰም፣ ኳስም አልያዘም። ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ቆሟል። የሰፈር ልጅ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው እንደዚህ ሲሆን ደስ ይላል።

አንዱን ሥዕል ተጠግቼ በእጄ ዳሰስኩት። ግድግዳው ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ አይደለም። ጣቴ በጡቦቹ መሀል ያለውን ጎድጓዳ እየቆጠረ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ስስ ጠርዝ ነካ። ጨርቅ ነው። ብዙዎቹ ሥዕሎች በቀጭን ጨርቅ ላይ በየቁራጩ ተሥለው፣ ኋላ እንደ ወረቀት ግድግዳው ላይ የሚለጠፉ ናቸው። ቁራጩ ላይ የቀለሙ ቁጥር ስለሚጻፍበት ሥዕል የማይችል ሰውም ይቀባል። ተማሪ ይቀባል፣ ጡረተኛ ይቀባል። የግሬተርፎርድ እስር ቤት ታራሚዎችም ለዓመታት ቀብተዋል። እነሱ መውጣት ባይችሉም ጨርቁ ወጥቶ ሰፈራቸው ላይ ይለጠፍ ነበር። ይሄን ስሰማ የአክስቴ ልጅም ዝም አለ፤ እሱም ገና መስማቱ ነበር።

ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ቢራቢሮና የተያያዙ እጆች የበዙባቸው አሉ። ከመሣላቸው በፊት የሰፈር ስብሰባ ይደረጋል፤ አንዳንዶቹ እዚያ ስብሰባ ላይ ማንንም ላለማስቀየም የተሣሉ ይመስላሉ። ጣሊያን ገበያ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1995 የቀድሞው የፖሊስ አዛዥና ከንቲባ ፍራንክ ሪዞ እዚያ ተሥለው ነበር። ለጣሊያኖቹ የሰፈራቸው ጀግና ናቸው፤ ለጥቁሩ ሕዝብ የፖሊስ ዱላ ናቸው። ሥዕሉ ላይ ቀለም ሲደፋበት፣ ሲጠገን፣ እንደገና ሲደፋበት ኖረ። ጆርጅ ፍሎይድ ተገድሎ ከተማው ሲናወጥ፣ በሰኔ 2020 ተቀብቶ ጠፋ። ቦታውን አየሁት። ከጎኑ ዓሣና አይብ ይሸጣል፣ ሰው ይጋፋል። የሰፈር ኩራት ሲባል የየትኛው ነዋሪ ኩራት ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

ማታ ባልቲሞር አቬኑ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ቤቶች አንዱ ገብተን ክትፎና በያይነቱ አዘዝን። ዌስት ፊላደልፊያ ሐበሻ ከገባ ስንት ዘመኑ! “የእኛ ግድግዳ ቢሠራስ ምን ይሣል ነበር?” አልኩት። ሳያስብ “ጀበናና መሶብ” አለኝ።

“ኧረ በናትህ፣ ጀበናስ ይብቃን” አልኩት። “እኔ ብሆን አየር ማረፊያው ጋ ወረፋ የያዙ ታክሲዎችን ነው የማሥለው። ሾፌሮቹ ወርደው መኪናው ላይ ደገፍ ብለው ሲከራከሩ።”

“ታክሲ! ቀን ስነዳው ውዬ ማታ ደግሞ ግድግዳ ላይ ልየው?”

አስተናጋጇ ሰምታን ኖሮ “እኔን ሣሉኝ፣ ሃያ ዓመት ቆሜ!” አለች። የአክስቴ ልጅ ያንን ሐሳብ ደገፈ። እኔ ግን አሁንም በታክሲው ነኝ።