ጉድጓዳችንን በገመድ ለካን፦ በሰፈራችን የሠራነው ሥራ

ከአቃቂ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ብዙው ግቢ የእጅ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ሽንት ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የእድራችን ጸሐፊ እንደመሆኔ የሁለቱን መቀራረብ በወርሃዊው ስብሰባ ላይ አነሳሁት፤ ነገር ግን ስብሰባ ላይ የተነገረ ነገር ቡና ሳይጠጣ ይረሳል። ስለዚህ በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዤ ግቢ ለግቢ መዞር ጀመርኩ።

በጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ 30 ሜትር እንዲኖር ይመከራል። የእኛ ቦታ 140 ካሬ ነው። 10 በ14 የሆነ ግቢ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ እንኳ 17 ሜትር ገደማ ነው። ገመዱን ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዲይዙት አደርግ ነበር። አንዲት እናት ሽንት ቤታቸውን አርቀው ነው ያሠሩት፤ የጎረቤታቸው ግን ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ስንለካው ከጉድጓዳቸው አፍ ስድስት ቋጠሮ ሆነ። ባልዲውን አወጡና “ልጄ፣ ይሄ ውሃ እንኳን በሽታ ሽታም የለው” አሉኝ። እውነትም ኩልል ያለ ነበር። ተቅማጥ የሚያመጣው ተህዋስ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ከሽንት ቤት የሚሰርገው ናይትሬት የሚባል በውሃ የሚሟሟ ኬሚካልም እንደዚያው ነው። እሱ ደግሞ ጨቅላ ሕፃንን ይጎዳል፣ በማፍላትም አይወጣም፤ ስለዚህ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውሃ እንዳይበጠበጥ አጥብቄ እናገራለሁ።

አፈራችንም አያግዘንም። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ የሰኔ ዝናብ ሲጀምር የግቢው ቆሻሻ በስንጥቁ ሰተት ብሎ ይወርዳል።

“ጉድጓዳችሁን ድፈኑ” ብል ማንም አይሰማኝም፤ ደግሞም ልክ አይሆንም ነበር። የተስማማነው የጉድጓዱ ውሃ ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት እንዲሆን ነው። ለመጠጥ የቧንቧውን እናጠራቅማለን፤ እሱ ሲጠፋና ከጉድጓድ መጠጣት ግድ ሲሆን እናፈላለን። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

አቅም የነበራቸው የጉድጓዳቸውን የላይኛውን 3 ሜትር በኮንክሪት ቀለበት አስይዘው መጋጠሚያውን በሲሚንቶ አስደፈኑ። አፉን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ዙሪያውን ውሃ ወደ ውጭ እንዲያፈስ ሊሾ አስደረጉ። ቁልፍ ያለው ክዳን ግን አቅም ኖረም አልኖረም ሁሉም ቤት ማስገባት አለበት፤ ሰፈሩ ሙሉ ልጅ ነው። ባልዲውም መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ይሰቀላል።

ክረምት ሲወጣ በበረኪና እናክማለን። አፉ 1 ሜትር ስፋት፣ ውሃው 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ወደ 2,350 ሊትር ይይዛል። ለ1,000 ሊትር ውሃ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው፣ ሽቶ ያልገባበት በረኪና 1 ሊትር ስለሚበቃ ወደ ሁለት ሊትር ተኩል እንጨምራለን። ቢያንስ ግማሽ ቀን ሳይነካ ይቆያል፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ይቀዳል። ሽንት ቤቱ ማስረጉን ካላቆመ ግን ይህ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም።

ጉድጓድ ማስጠረግን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በቤንዚን የሚሠራ ፓምፕ ወደ ጉድጓድ ውስጥ አታውርዱ፤ ጭሱ የወረደውን ሰው ይገድላል። ፓምፕ ባይኖርም ከታች አየር ሊያጥር ይችላል። ጠራጊው ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ከላይ የሚጎትቱት ሰዎች ቆመው ካልሆነ አይውረድ። ራሱን የሳተ ካለም ተከትሎ መዝለል ሁለተኛ ሬሳ ማውጣት ነው።

የውሃውን መጠን የምንከታተለውም በዚያው ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረን እናወርደዋለን። በበጋ ሲወርድ ሁሉም በዓይኑ ስለሚያይ ስለ ቁጠባ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። ግቢውን በሙሉ ሲሚንቶ ማልበስ የቀነሰውም ከዚህ በኋላ ነው፤ ዝናቡ የሚሰርግበት መሬት ይፈልጋል። የጣሪያ ውሃ በሮቶ መያዝም ጀምረናል። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ 50 ካሬ ቆርቆሮ በአንድ ጥሩ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ወደ 1,000 ሊትር ይሰጣል።

የቀረን ትልቁ ሥራ ሽንት ቤቶቹ ናቸው። የሽንት ቤት ጉድጓዳቸው ያልተገነባ ሰዎች አስገንብተው በየጊዜው በመኪና እንዲያስመጥጡ እየተነጋገርን ነው። ወጪው ከባድ ስለሆነ ለአቅመ ደካሞች እድሩ በብድር እንዲሸፍን ሐሳብ አቅርቤአለሁ፤ ውይይቱ አላለቀም።