በግንቦት ሙቀት ሶሌታ ስንሞላ

በአዲስ አበባ ዳርቻ በግንቦት ወር አርማታ የሚሞላ ሰው ከሲሚንቶ ዋጋ ባልተናነሰ የሚያስጨንቀው ከሰዓት በኋላ ያለው ሰማይ ነው። በልጉ ሊያበቃ፣ ክረምቱም ሊገባ ሲል ጠዋቱ ጥርት ብሎ ይነጋል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነጎድጓዱ ይጀምራል። በኮዬ ፈጬ አካባቢ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ የሥራ ደህንነት ባለሙያ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን የምጽፈው፣ ይህን የአየር ጠባይ እያወቁ በመብረቅ ሰዓት ሰውን በፌሮ መሃል የሚያቆሙ አሠሪዎች ዛሬም ስላሉ ነው።

ዕለቱ የአራተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ወለሉ፣ የሚሞላበት ነበር። በሬዲዮ የተነገረው ትንበያ በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ እንደሚኖር ይገልጻል። በሙያው ያረጁት ፎርማናችን ቀና ብለው ሰማዩን አዩና፣ «ልጄ፣ ትናንትም ይዘንባል ተብሎ ጠብታ አልወረደም። ይልቅ ሥራው ይጀመር» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኛ ጋ አልዘነበም እንጂ ዱከም ላይ በረዶ ጥሏል» አልኳቸው።

በሙቀት የሚወለድ የነጎድጓድ ደመና ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። የትንበያ ባለሙያው ከሳተላይት ምስልና ወደ ሰማይ ከሚለቀቀው ፊኛ፣ እርጥበት አዘል አየር መግባቱንና ምድሩ ሲግል ከላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ መሆኑን ያያል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ እርጥበቱ ወደ ደመና ይለወጣል፤ በዚያን ጊዜ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ አየሩን ይበልጥ ሽቅብ ይገፋዋል። ስለዚህ ባለሙያው ለአካባቢው በሙሉ ነጎድጓድ እንደሚያሰጋ በድፍረት መናገር ይችላል። ደመናው ከየረር ተራራ ይነሣ ወይስ ከእንጦጦ ግን በማለዳ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሰዉ የሚታመንበት የስልክ ትንበያም ስሌቱ አገሩን በብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት እየከፋፈለ ስለሚሠራ አንዲቱን ደመና ለይቶ አያያትም። ያንን ማየት ያለበት ሥራው ቦታ ላይ ያለ ሰው ነው።

ተከራክረን ተስማማን። ሥራው ይጀመር፣ ነገር ግን ድንገት ብናቆም ሶሌታው እንዳይጎዳ በሁለት ምሰሶዎች መካከል እኩሌታው ላይ አርማታውን የሚገድብ የማቆሚያ ጣውላ ይመታ አልን።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከየረር ተራራ በላይ እንደ አበባ ጎመን የተቋጠረ ነጭ ደመና ተነሣ። ምሳ ሳይበላ ጫፉ ተጠፍጥፎ ወደ ጎን መዘርጋት ጀመረ፤ ይህ ደመናው መብረቅ ለመጣል መድረሱን የሚያሳይ ነው። ብልጭ ሲል ቆጠርኩ፤ ድምፁ በ24 ሴኮንድ ደረሰ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታልና ርቀቱ 8 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ሥራ ይቆማል።

በእኛ አናት ላይ ግን ገና ፀሐይ ነበረች።

«የቀረችው ያቺ ጥግ ብቻ ናት፤ አሥር ደቂቃ ስጪኝ» አሉ ፎርማኑ።

«አርማታው ጣውላው ጋ ይቁም ጋሼ፤ ሰው ይውረድ።»

ጥቂት ዝም አሉና ራሳቸው ተጣርተው ሁሉንም አስወረዱ። አርማታው በፕላስቲክ ተሸፈነ። ሠራተኛው እንደ ልማዱ ባህር ዛፉ ሥር ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ሊሮጥ ሲል ከልክዬ ወደ ምድር ቤቱ መሃል፣ ከተገለጠ ፌሮና ከቧንቧ ርቀው እንዲቆሙ አደረግሁ። ገና ዝናቡ ሳይጀምር መብረቁ ያንን ባህር ዛፍ መታው። ቅርፊቱ ከጫፍ እስከ ሥሩ በመዳፍ ስፋት ተልጦ ነጩ እንጨት ይታይ ነበር፤ ሽታው ምድር ቤት ድረስ ገባ። ወዲያው በረዶው ወረደ።

ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። የባለቤቱ ተወካይ ስልክ ደውሎ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሰው ለምን እንደተቀመጠ ጠየቀ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያለበት መብረቅ ከዝናቡ ርቆም ስለሚወድቅ ነው፤ በደመናው ጀርባም ገና እያጉረመረመ ነበር። እኔ መልስ ሳልጀምር ፎርማኑ ስልኩን ተቀበሉኝ። «ዛፉን መጥተህ እየው፤ ከዚያ ውጡ በላቸው» አሉት። ተወካዩ ዝም አለ።

በማግስቱ አርማታው ጣውላው ጋ የቆመበትን መገጣጠሚያ በብሩሽ ፍቀን፣ አጥበንና አርሰን የቀረውን ሞላን። ከዚያ ወዲህ በግንቦት የመጀመሪያው የአርማታ መኪና ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ይህ ለአርማታውም ይበጀዋል፤ የቀትር ሙቀት ፊቱን ቶሎ እያደረቀ ያሰነጥቀው ነበር። ሙሌት ባለበት ቀን ሁሉ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ የረርን የሚጠብቅ አንድ ልጅ ይመደባል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው፣ የቀን ሒሳቡም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሙሉ ነው።