ካታሎጉ «ሰንጠረዡ ጠፍቷል» ሲል ወዲያው አለማመን

የምሠራው የገበሬዎች ማኅበራት የሚያስረክቡት እህል በሚመዘገብበት ክፍል ውስጥ ነው። ዋናው ዳታቤዝ ያለው ቡሬ በሚገኝ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ያሉ ሪፖርት አዘጋጆች ግን የትኛው ሰንጠረዥ ምን እንደያዘ የሚያዩት ክላውድ ላይ ባለ የዳታ ማስተዳደሪያ መሣሪያ፣ ማለትም በካታሎጉ፣ ነው። መሣሪያው የሚያሳየው የሰንጠረዥና የዓምድ ስም፣ የዳታ ዓይነትና የመዝገብ ብዛት ከዳታቤዙ በየጊዜው የሚገለበጥ ሜታዳታ (ስለ ዳታው የሚገልጽ መረጃ) እንጂ ዳታቤዙ ራሱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ገብቶ ዓምድ ቢጨምር፣ ይህ ግልበጣ፣ ማለትም ማመሳሰሉ፣ እስኪካሄድ ድረስ ካታሎጉ የድሮውን ማሳየቱን ይቀጥላል።

ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚሰማው በዚህ መዘግየት ላይ ነው። በእኔ እይታ ግን መዘግየት ቀላሉ ችግር ነው፤ ጥያቄው «እንዲህ ያለ ዓምድ የለም» ብሎ ይመለሳል፣ ማመሳሰያው ይታዘዛል፣ ነገሩ ያልቃል። የሚያስፈራው ማመሳሰሉ በሰዓቱ ተካሂዶ፣ አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ፣ ያልጠፋውን ሰንጠረዥ እንደጠፋ ቆጥሮ ከካታሎጉ ሲያወጣው ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማየት ይጠቅማል። በፖስትግሬስኪውኤል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ውስጥ ኢንፎርሜሽን ስኪማ የተባለው የሰንጠረዦች ማውጫ የሚዘረዝረው የሚጠይቀው ተጠቃሚ ባለቤት የሆነባቸውን ወይም አንዳች ፍቃድ ያለውን ሰንጠረዦች ብቻ ነው፤ በሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ በማይኤስኪውኤልም፣ አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የማመሳሰያው አካውንት ፍቃድ ከተቀነሰ፣ ወይም አዲስ ሰንጠረዥ ተፈጥሮ ለአካውንቱ ፍቃድ መስጠት ከተረሳ፣ ዳታቤዙ «ተከልክለሃል» አይልም፤ አጠር ያለ ዝርዝር ብቻ ይመልሳል። ማመሳሰያውም የጎደለውን ሁሉ «ተሰርዟል» ብሎ ይተረጉመዋል።

የሰንጠረዡ ስም ቢጠፋ ፍቃዱ ከተስተካከለ በሚቀጥለው ማመሳሰል ይመለሳል። የማይመለሰው ሰዎች በእጃቸው የጻፉት ማብራሪያ ነው። በእኛ የርክክብ ሰንጠረዥ ውስጥ «መጠን» የሚል ዓምድ አለ፤ ከካታሎጉ ላይ ከጎኑ የተጻፈው ማስታወሻ የቆዩት መዝገቦች በኩንታል፣ የኋለኞቹ ደግሞ በኪሎ ግራም መሞላታቸውን ይናገራል። ይህ መረጃ ዳታቤዙ ውስጥ የትም የለም። ማስታወሻው ከተሰረዘ፣ ሁለቱን ዘመን በአንድ ላይ የሚደምር ሪፖርት አዘጋጅ አንድ ኩንታልን እንደ አንድ ኪሎ ቆጥሮ መቶ እጥፍ ይሳሳታል፤ ምንም የስህተት መልእክትም አይመጣለትም።

የስም ለውጥም ወደዚሁ ጉድጓድ ይከታል። ስምን ብቻ የሚያነጻጽር ማመሳሰያ የዓምድ ስም ሲቀየር አንዱ ጠፍቶ ሌላው እንደተወለደ ስለሚያየው፣ ማብራሪያው ከድሮው ስም ጋር አብሮ ይሄዳል። ፖስትግሬስኪውኤል ግን በውስጥ ካታሎጉ ለእያንዳንዱ ሰንጠረዥና ዓምድ ስም ቢለወጥ የማይለወጥ ቁጥር ስለሚይዝ፣ በዚያ ቁጥር የሚያነጻጽር ማመሳሰያ ለውጡን በትክክል ይለየዋል። የራሱን ማመሳሰያ የሚጽፍ ሰው ይህችን ሥራ ባይዘላት እመክራለሁ።

ስለዚህ መጨመርን በራስ ሰር መፍቀድ፣ መሰረዝን ግን ሰው እስኪያየው ማቆየት ይሻላል። ግሉ ክሮውለር የተባለው የኤደብሊውኤስ (የአማዞን ክላውድ) ማመሳሰያ ለዚህ ምርጫ ይሰጣል፤ ከምንጩ የታጣን ሰንጠረዥ ከካታሎጉ ማጥፋት፣ ችላ ማለት፣ ወይም «ከአገልግሎት ውጪ» ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል። እኔ የመጨረሻውን እመርጣለሁ። በአንጻሩ ሃይቭ በተባለው የትልልቅ ዳታ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ኤምኤስሲኬ ሪፔር የተባለ ትእዛዝ ካልተነገረው በቀር አዳዲስ ክፍልፋዮችን (ሰንጠረዡ የሚከፋፈልባቸውን ክፍሎች) ይጨምራል እንጂ የጠፉትን አያነሳም፤ ይህም ካታሎጉን ያዝረከርካል፣ ነገር ግን ዝርክርክ ካታሎግ ከጎደለ ካታሎግ ይሻላል።

መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግማሹ ዝርዝር ተነቦ ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ የቀረው ግማሽ እንደተሰረዘ እንዳይቆጠር፣ የተነበበው ሁሉ መጀመሪያ በጊዜያዊ ቦታ ተጠራቅሞ፣ ንባቡ መጠናቀቁ ከተረጋገጠ በኋላ በአንድ ጊዜ ቢተካ ይመረጣል።

የጊዜ ሰሌዳውን በተመለከተ፣ የኤደብሊውኤስ ግሉ ሰሌዳ የሚቆጠረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው፤ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ በዚያ ላይ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ነው። ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሠራ የተፈለገ ማመሳሰል የሚሞላው ሰኞ 23:00 ተብሎ ነው። የሌሊቱ ሰሌዳ ግን መጠባበቂያ ብቻ ቢሆን ደግ ነው፤ ስኪማውን (የሰንጠረዦችንና የዓምዶችን አወቃቀር) የሚቀይረው ሰው የለውጡ ስክሪፕት መጨረሻ ላይ የማመሳሰያውን ጥሪ ቢጨምርበት፣ ጠዋት ደብረ ማርቆስ የሚደወል ስልክ ይቀንሳል።

የመዝገብ ብዛትን ግን ከተሳካ ማመሳሰል በኋላም ቢሆን ለሪፖርት መጠቀም አይገባም። ማይኤስኪውኤል 8.0 የሰንጠረዥ ስታቲስቲክስን በነባሪው ለ86,400 ሴኮንድ፣ ማለትም ለሙሉ ቀን፣ ይዞ ያቆያል፤ በነባሪው የማከማቻ ሞተሩ በኢኖዲቢ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ግምት ነው። ትክክለኛውን ብዛት የሚፈልግ ሰው ከሰንጠረዡ ላይ በቀጥታ ይቁጠር።